ዘጠና አንደኛው ቡድን ያሳደገው አሰልጣኝ

በኦክቶበር 2023 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የበርሚንግሃም ሲቲ ባለቤቶች ጆን ዩስታስን አሰናበቱ። ቡድኑ በእንግሊዝ ሁለተኛ እርከን በሆነው ቻምፒዮንሺፕ 6ኛ ደረጃ ላይ ነበር። ዩስታስ በመካከለኛ ክለቦች ሲዘዋወር የኖረ አማካይ ነው፤ ዋና አሰልጣኝነትን የጀመረውም ከእንግሊዝ አራቱ የሙያ ሊጎች በታች በሚጫወተው ኪደርሚንስተር ነው። በእርሱ ቦታ የማንቸስተር ዩናይትድ የቀድሞ ኮከብ ዋይን ሩኒ መጣ። ሩኒ በ15 ጨዋታዎች ሁለቱን አሸነፈ፣ ዘጠኙን ተሸነፈ፤ በጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቡድኑን 20ኛ ላይ ትቶ ተሰናበተ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ በርሚንግሃም ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ።

ሩኒን ለመውቀስ አይደለም። ሥራ ቢሰጡት ተቀበለ፤ ማንስ እምቢ ይል ነበር? የምወቅሰው የቀጠሩትን ነው። የክለብ ባለቤቶች ለአሰልጣኝ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚታያቸው ሰውየው በተጫዋችነቱ ያነሳው ዋንጫ ነው። በታችኛው ሊግ ጉልበቱን ጨርሶ፣ በዚያው ሊግ ማሠልጠን የጀመረው ሰው ግን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ አድሎ ምን ያህል ዓይነ ስውር እንደሆነ የኒውካስሉ አሰልጣኝ የኤዲ ሃው ታሪክ ከማንም በላይ ያሳያል፤ እኛም ዘንድ ታሪኩ የሚወራው ከመጨረሻው ስለሆነ መጀመሪያው ላይ ልቆይ።

ሃው የበርንማውዝ ተከላካይ ነበር። ክለቡ ያን ጊዜ የሚኖረው በሦስተኛውና በአራተኛው እርከን መካከል ነው። በ2002 የፖርትስማውዝ አሰልጣኝ ሃሪ ሬድናፕ ወደ ክለቡ ወሰደው፤ ጉልበቱ ተጎዳና ለአዲሱ ክለቡ ከሁለት ጨዋታ በላይ ሳይሰለፍ ቀረ። በ2004 ወደ በርንማውዝ በውሰት ሲመለስ ክለቡ ሊያስቀረው ፈለገ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ደጋፊዎች ከኪሳቸው 21 ሺህ ፓውንድ አዋጥተው አስቀሩት። ለአንድ ጉልበቱ የተጎዳ ተከላካይ! የደጋፊ ፍቅር ሒሳብ አያውቅም ቢባልም፣ የዚያን ቀን ሒሳብ ግን በእንግሊዝ እግር ኳስ ከተፈጸሙ ግዢዎች ሁሉ አትራፊው ሳይሆን አይቀርም። ጉልበቱ አልሻል ሲለው በ2007 ጫማውን ሰቀለ፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በክለቡ የተጠባባቂዎቹን ቡድን ማሠልጠን ጀመረ።

በ2008 መጨረሻ በርንማውዝ በፋይናንስ ቀውስ ምክንያት 17 ነጥብ ተቀንሶበት፣ በአራቱ የሙያ ሊጎች ካሉት 92 ክለቦች 91ኛ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ቢቀር ከሙያ ሊጎቹ ይወጣል፤ ብዙዎች ክለቡ ራሱ ይፈርሳል ብለው ሰግተዋል። የ31 ዓመቱ ሃው ጊዜያዊ አሰልጣኝ ተደረገ። የመጀመሪያ ጨዋታውን በዳርሊንግተን ተሸነፈ። ሁለተኛውን በሮዘርሃም ተሸነፈ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ደግሜ ደጋግሜ ባነብበውም አልጠገብኩትም፤ ክለቡ ቋሚ አሰልጣኝ አድርጎ ሾመው።

በኤፕሪል 2009 በሜዳው ግሪምስቢን 2 ለ 1 አሸንፎ በሊጉ መቆየቱን አረጋገጠ። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ ተጫዋች እንዳያስፈርም እገዳ ተጥሎበት ሳለ ወደ ሦስተኛው እርከን አደገ። ሃው በ2011 ወደ በርንሌይ ሄደ፤ እዚያ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይሠራ በ2012 ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ። በ2013 ወደ ቻምፒዮንሺፕ፣ በ2015 በሻምፒዮንነት ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ። በርንማውዝ በታሪኩ ያን ሊግ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር፤ አምስት የውድድር ዘመናትም ቆየበት።

ይህን ተረት ማስመሰል ግን ተገቢ አይደለም። ከ2011 ጀምሮ ማክሲም ዴሚን የተባለ ሩሲያዊ ባለሀብት ገንዘቡን አፍስሷል። ክለቡም ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት የፋይናንስ ደንብ በመጣሱ በኋላ 4.75 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቷል። አሁን ሃው ያለበት ኒውካስልም በአብዛኛው የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ንብረት ነው። ገንዘቡ ሠርቷል፤ አይካድም። ዳሩ ግን ከ91ኛነት ያወጣው ገንዘብ አልነበረም፤ ያኔ ሣንቲም አልነበረማ። ኒውካስልም ቢሆን በ2021–22 የመጀመሪያዎቹን 14 ጨዋታዎች ሳያሸንፍ ቆይቶ ከመውረድ የተረፈ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ሆኗል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት የት እንደተገኘ መጠየቅ አለብን።

የእኔ መልስ፦ የተገኘው እጥረት ውስጥ ነው። በአራተኛው እርከን ያለ አሰልጣኝ ተከላካዩ ደካማ ከሆነበት ሌላ ተከላካይ አይገዛም፤ ያንኑ ሰው ማሻሻል አለበት። የብዙ ተጫዋቾቹ ውል የአንድ ዓመት ስለሆነ የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ግማሹ ቡድን ስለ ቤት ኪራይ እያሰበ ነው የሚጫወተው። በውሰት የመጣ ወጣት ትናንት ደርሶ ዛሬ ይሰለፋል። ራሱ በዚህ ሕይወት ያለፈ ሰው ተጫዋቹ ለምን እንደደነገጠ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሊቅ የነበረ ተጫዋች ግን ለእርሱ ያለ ትምህርት የመጣለትን ነገር ለሌላው በየደረጃው ማስረዳት ይቸግረዋል። ሁሉም አይደሉም፤ ክሩይፍና ጓርዲዮላ ይህን አባባል ያፈርሱታል። እነርሱን ምሳሌ አድርጎ መቅጠር ግን ሎተሪ ቆርጦ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ሃው ብቻውን አይደለም። ግራሃም ቴይለር የግሪምስቢና የሊንከን ተጫዋች ነበር፤ በዳሌው ጉዳት አቁሞ በ1972 በ28 ዓመቱ የሊንከን አሰልጣኝ ሆነ። ኋላ ዋትፎርድን ከአራተኛው ዲቪዚዮን አንስቶ በ1983 ከሊቨርፑል ቀጥሎ 2ኛ አድርጎታል። ክሪስ ዋይልደር በትርፍ ጊዜያቸው ኳስ በሚጫወቱ ሰዎች ቡድን፣ በአልፍሬተን ታውን ጀምሮ ሼፊልድ ዩናይትድን በ2019 ፕሪሚየር ሊግ አስገብቷል።

እርግጥ ነው፣ ከታችኛው ሊግ ተነስተው ያልተሳካላቸው በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ ስማቸውንም አንሰማም። እኔ የታችኛው ሊግ ተጫዋች ሁሉ አሰልጣኝ ይወጣዋል አላልኩም። ያልኩት፣ ከመካከላቸው የሚችለውን ለመለየት ጊዜ የሚሰጥ ክለብ እምብዛም አለመኖሩን ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን መምጣቴ አይቀርም፤ ቅዳሜና እሑድ የእነ ሃውን ቡድን ለማየት ብንሰበሰብም የምናወራው ስለ ውጤቱ ብቻ ነውና። በእኛ ሊግ በሁለት ተከታታይ ሽንፈት የጀመረ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ቋሚ ሆኖ ይሾማል ብሎ የሚወራረድ ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ። ክለቦቻችን በአብዛኛው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚኖሩ በመሆናቸው፣ አሰልጣኙ የሚመዘነው ገምጋሚው ባለሥልጣን በቢሮ እስካለ ድረስ በሚመጣው ውጤት ነው። ከዚያ «በጋራ ስምምነት ተለያዩ» የሚል አጭር ዜና ይወጣል።

ከፕሪሚየር ሊጋችን ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግና ከዚያ በታች የሚጫወተው የ30 ዓመት አምበልስ? ጉልበቱ ሲደክም ውሉ ያልቃል፤ ዐሥር ዓመት በመልበሻ ክፍል የሰበሰበው ዕውቀት አብሮት ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። ክለቡ ገና ደመወዝ እየከፈለው ሳለ ከወጣት ቡድኑ ጋር በሳምንት ሁለት ከሰዓት ቢያሠራው፣ ለአሰልጣኝነት ኮርሱም ቢመዘግበው፣ የሚወጣው ወጪ ለአንድ መካከለኛ ተጫዋች ከሚከፈለው የፊርማ ገንዘብ የሚደርስ አይመስለኝም። በመጪው የዝውውር መስኮት ይህን የሚሞክር አንድ ክለብ ባይ ደስ ይለኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ቢሸነፍም።