ዓይን የሚያየውና ማሽኑ የሚቆጥረው

ስለ ስሎት ማሽን (ገንዘብ አስይዘው ባለ ምልክት መንኮራኩሮችን የሚያሽከረክሩበት፣ ምልክቶቹ ሲገጥሙ የሚከፍል የቁማር ማሽን) ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ከስንት ዙር ስንቱ ያሸንፋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ እንደ እኔ እምነት ግን ተጫዋቹን የሚያሳስተው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የትኛው ዙር «አሸናፊ» እንደሚባል የሚወስነው ማሽኑን የሠራው ወገን እንጂ ተጫዋቹ አይደለም።

ድሮ ነገሩ ግልጽ ነበር። ቻርልስ ፌይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንደሠራው ባለ ሦስት መንኮራኩር ማሽን ያለው፣ በየመንኮራኩሩ 10 ማቆሚያ (መንኮራኩሩ ሊቆምበት የሚችል ቦታ) ቢኖረው 1,000 ውጤት ብቻ ይሰጣል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ቆጥሮ ይደርስበታል። ይህን የለወጠው ኢንጌ ቴልናስ የተባለ የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ውጤቱን የሚወስነው ኮምፒውተር የሚያወጣው የዘፈቀደ ቁጥር ሲሆን፣ ለመንኮራኩሩ የቀረለት የተወሰነውን ማሳየት ብቻ ነው። ከሦስቱ የሚታዩ መንኮራኩሮች እያንዳንዱ 22 ማቆሚያና አንድ የጃክፖት (የትልቁ ሽልማት) ምልክት ቢኖረው፣ ዓይን የሚገምተው ዕድል ከ10,648 አንድ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የማይታይ መንኮራኩር ግን 64 ማቆሚያ ኖሮት ለጃክፖቱ የተሰጠው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ እውነተኛው ዕድል ከ262,144 አንድ ይሆናል። (ያንኑ ያህል ጊዜ ያሽከረከረ ሰው እንኳ ጃክፖቱን አንዴም ሳያይ የመቅረት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው።)

ከቀሩት የማይታዩ ማቆሚያዎች ብዙዎቹ በሚታየው መንኮራኩር ላይ ከጃክፖቱ ምልክት በላይና በታች ላሉት ባዶ ቦታዎች ሊመደቡ ይችላሉ። ሁለት የጃክፖት ምልክቶች፣ ለምሳሌ ሁለት ሰባቶች፣ ተሰልፈው ሦስተኛው ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲቆም ተጫዋቹን «ለጥቂት!» የሚያሰኘው ይህ ድልድል ነው። ቀረበም ራቀም ያው ሽንፈት ነው፤ ቀጣዩ ዙርም ያለፈውን አያስታውስምና «ሊከፍል ደርሷል» እያሉ ወንበር ይዞ ማምሸት ዕድሉን በምንም አይጨምረውም።

«ለተጫዋች የሚመለሰው 95 በመቶ ነው» የሚለው ማስታወቂያም በትክክል የሚረዳው ሰው ጥቂት ነው። ቁጥሩ የሚሰላው ይዞ ከተገባው ገንዘብ ሳይሆን እጅግ ብዙ በሆኑ ዙሮች ከተወራረደው ጠቅላላ ድምር ነው፤ የተገኘው ተመልሶ ሲወራረድም እንደገና ይቆጠራል። በየዙሩ 1 ሳንቲም እያስያዘ በሰዓት 600 ጊዜ የሚያሽከረክር ሰው በአማካይ 30 ሳንቲም ይከስራል። ሁለት ማሽኖች እኩል 95 በመቶ እየመለሱ አንዱ ከሦስት ዙር በአንዱ፣ ሌላው ከአሥር በአንዱ ሊከፍል ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ የሚከፍለው ለጋስ ቢመስልም የሚከፍለው በጥቂት በጥቂቱ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የክፍያው ድምፅ ነው። ምልክቶች ሲገጥሙባቸው በሚከፍሉ 20 መስመሮች ላይ 20 ሳንቲም ያስያዘ ሰው 6 ሲመለስለት ሙዚቃው ይደምቃል፣ መብራቱ ይብለጨለጫል፤ ያ ሰው ግን 14 ሳንቲም ከስሯል። ይህም ከ«አሸናፊ» ዙሮች ተርታ ይቆጠራል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በኦንላይን ስሎት ላይ ከውርርዱ ያልበለጠ ክፍያ እንደ ድል እንዳይደመቅ ከልክላለች፤ አንድ ዙርም ቢያንስ 2.5 ሰከንድ እንዲወስድ አድርጋለች። ደንቡ በማንኛውም ስሎት ማሽን ላይ ሊሠራ ይገባል ባይ ነኝ። ከመመለሻው መቶኛ ጎንም ካስያዙት በላይ የሚያስገኘው ዙር ከስንት አንድ እንደሆነ፣ ጃክፖቱም ከስንት አንድ እንደሚወጣ በጉልህ ይጻፍ፤ ሠሪዎቹ ሁለቱንም ቁጥሮች ማሽኑ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አስልተው ጨርሰዋቸዋል።