«እስቲ ልጸልይበት»

ሰው ስለ ሐዋሳ ሲያወራ ሐይቁን ያነሳል፣ የአሞራ ገደልን ዓሣ ያነሳል፣ ባጃጁን ያማርራል። ጸሎተኛ ወንድሞቻችንን ግን የሚያነሳቸው የለም። ግፍ ነው። ዛሬ እኔ ላመስግናቸው።

የማወራው ወንበር መሰብሰብ ሲጀመር ጸሎት ስለሚጀምሩት ነው። ፕሮግራሙ አለቀ፣ አሜን ተባለ፣ ሰው ተበተነ። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ የፕላስቲክ ወንበር ቀርቷል። የኛ ሰው ልቡ የሚነካው ይሄኔ ነው። አጠገቡ ያገኘውን ሰው ትከሻ ይዞ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ፤ ከሀገር ጀመረ፣ ወደ ክልሉ ወረደ፣ ከተማውን ሰፈር በሰፈር አዳረሰ፣ ከዚያ ግራ ዓይኑን ከፈት አድርጎ የቀረውን ወንበር አየና ለአፍሪካ ቀንድ መጸለይ ቀጠለ። የመጨረሻው ወንበር መኪና ላይ ሲጫን «አሜን» አለ። ሰዓት አጠባበቅ ማለት ይሄ ነው! ወንበር የማይሸከመው ደግሞ ወዶ አይደለም፣ የከተማው ሸክም አለበት።

ከሁሉ የማደንቅለት ግን «እስቲ ልጸልይበት» የምትለዋን ነገር ነው። ሳህን እጠብ ሲሉት ይጸልይበታል። ሆስፒታል የተኙ እናት አሉ፣ አንድ ሌሊት አስታምልን ሲሉትማ ከባድ ውሳኔ ነው፣ ጾም ሁሉ ይፈልጋል። እሳቸው ድነው ወጥተው ቡና እስኪያፈሉ ድረስ መልስ አልመጣለትም። (ቡናው ላይ ተገኝቷል።) ማይክ ሲሆን ግን የጌታ ፈቃድ ቶሎ ይገለጥለታል። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ...» ብለው ሳይጨርሱ መድረክ ላይ ነው። ለመጥረጊያ ኔትወርክ የለም፣ ለማይክ ሲሆን ሙሉ ነው።

ሰነፍ ነው እንዳትሉት ደግሞ ጥቅስ አለው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6። ሐዋርያት ቃሉን ትተን ማዕድ ልናገለግል አይገባም ብለዋል፣ እኛ ለጸሎትና ለቃሉ እንተጋለን ብለዋል። ቁጥር 2ንና ቁጥር 4ን በቃሉ ይወጣቸዋል። ቁጥር 3 ላይ ሲደርስ ገጹ ይጣበቅበታል መሰለኝ። እዚያ ላይ ለማዕዱ የተፈለጉት በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ናቸው። እስጢፋኖስ አንዱ ነው። ለተረሱ መበለቶች የዕለት ምግብ ለማደል ይሄን ሁሉ መመዘኛ! እኛ ጋ ለወጥ ቤት የሚመደበው እምቢ ማለት ያቃተው ሰው ነው።

ታቦር ተራራ መውጣትም ይወዳል። ከላይ ሆኖ ሐዋሳን ቁልቁል እያየ ይማልዳል። ቦታው ለጸሎት ይመቻል፤ የማንም ደጅ ጥረጉልኝ አይልም፣ ስልክም ቢጠራ «ተራራ ላይ ነኝ» ማለት ነው። ያኛው በትውፊት ታቦር የሚባለው ተራራ ላይ ጴጥሮስ ደስ ቢለው ሦስት ዳስ ልሥራ አለ። ለመሥራት ጠየቀ እኮ! የኛውን ሰው የድንኳን ካስማ ያዝልኝ ብትሉት መልሱን ታውቁታላችሁ። ጌታም ከተራራው ሲወርድ የጠበቀው የታመመ ልጁን ይዞ የመጣ አባት ነበር። የኛ ሰው ቶሎ የማይወርደው ይሄን አንብቦ ይሆናል።

የአንድ ቤተ እምነት ጸጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመኑን እግር ሲያጥቡ ስልኩን አውጥቶ ከሦስት አቅጣጫ የሚቀርጸውም ዘመዱ ነው። ቪዲዮው ስር «ትሕትና» ብሎ ይጽፍና ይለጥፋል። እቤቱ የራሱን ካልሲ የምታጥብለት እህቱ ናት።

ባለፈው ኮንፈረንስ ምሳ ሲደርስ ከሰልፉ ፊት ማን እንደነበር መንገር አያስፈልገኝም። ጭልፋ የያዙት እናት ከሌሊት ጀምሮ እሳት ዳር ናቸው፣ ዓይናቸው በጭስ ቀልቷል። ጠዋት ሽንኩርት እንዲልጥ ጠይቀውት ነበር። ሳህኑን አዩ፣ እሱን አዩ፣ «ልጄ፣ ልጨምርልህ ወይስ ትጸልይበታለህ?» አሉት።

«አይ እማማ፣ በዚህስ ሰላም ይሰማኛል» አለና ሳህኑን አስጠጋ።