ዝም ብሎ የገባው ዳታ ነው የሚያስፈራኝ

ሰኔና ሰኞ ይባላል አይደል፣ ለሒሳብ ሰው ሰኔ ሁሌም ሰኞ ነው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል ሐምሌ 1 አዲሱ ይከፈታል፣ አለቆችም ልክ በዚህ ሰሞን ነው አዲስ የበጀት ሶፍትዌር ገዛን ብለው ከች የሚሉት። ሻጩ ፕሮጀክተሩን ይከፍትና ያማረ ግራፍ ያሳያል፣ ከዛ "ዳታውን ከፒችትሪ (ከድሮው የሒሳብ ሶፍትዌራችሁ) እና ከኤክሴል ኢምፖርት ማድረግ፣ ማለትም ወደ አዲሱ መጫን ብቻ ነው የሚቀራችሁ" ይላል። ያቺን "ብቻ" ማንም አይጠይቃትም፣ እኔ ግን ስንት ሌሊት ያደርኩት ከሷ ጋር ነው።

የአንዱን ዓመት ላውራችሁ። አንድ ቅርንጫፍ ወጪውን በኤክሴል ነበር የሚልክልን፣ ቀኑን በኛ አቆጣጠር እየጻፉ፣ ቀን ቀድሞ ወር ተከትሎ። ኮምፒውተሩ ግን የተስተካከለው በአሜሪካ አጻጻፍ ነው፣ ወር ነው የሚያስቀድመው። ፋይሉን ሶፍትዌሩ ውስጥ ስንከተው መስከረም 20ን፣ ጥቅምት 30ን፣ በአጠቃላይ ከ12 በላይ የሆነውን ቀን ሁሉ "ስህተት" እያለ መለሰብን፣ ምክንያቱም 20ኛ ወር የሚባል ነገር የለም። እየተራገምን አንድ በአንድ በእጃችን አስተካከልን፣ አለቀ ብለን ቡና አዘዝን። ያላለቀው እኮ ያልጮኸው ነው! መስከረም 5 ብለው የጻፉት 05/01/2017 አምስተኛው ወር ተብሎ ጥር 1 ላይ ተቀምጧል። ማንም አላየውም፣ የመስከረም ወጪ ቀንሶ የጥር አብጦ ሥራ አስኪያጁ "ጥር ላይ ምን ሆናችሁ?" ብሎ እስኪቆጣ ድረስ ሊቆይ ይችል ነበር።

ያወጣችን ጳጉሜ ናት። ጳጉሜ 5 የተከፈለ የነዳጅ ሒሳብ ነበር፣ 05/13/2016፣ ኮምፒውተሩ እሱን ደሞ የአምስተኛው ወር 13ኛ ቀን አድርጎ ወደ ጥር 2016 ወሰደው፣ ይሄ ማለት ሐምሌ 1 ቀን 2016 ከተከፈተው በጀታችን በፊት፣ ያለፈው በጀት ዓመት ውስጥ፣ ስለዚህ ከድምሩ ጎደለ። ያቺን ነዳጅ ፍለጋ ስንሄድ ነው ሌላው ጉድ የተገለጠው። እሷ ባትጎድል የዓመቱ ድምር ልክ ይመጣ ነበር፣ እኛም ፈርመን እናሳልፈው ነበር።

የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለቱ ቁጥር ሳይገቡ ቀርተዋል፣ የላብራቶሪው ዳታ ሲጫን የድሮው ዓይነት የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይዝ የተረፈው ተቆርጦ ነው የቀረው።

ለዚህ ነው "ኢምፖርቱ ያለ ኤረር ገባ" ሲሉኝ ደስ የማይለኝ። የመስመር ብዛቱን፣ ድምሩን በየወሩና በየሒሳብ ኮዱ፣ ከመጫኑ በፊትም ከተጫነም በኋላ አሳዩኝ ነው የምለው። የዓመት ድምር ብቻ አይበቃም፣ ከላይ አይታችኋል። ይሄን ደሞ አይቲ ክፍል ላይ መጣል ግፍ ነው፣ አይቲው ፋይሉ መግባቱን እንጂ 0612 የተባለው ኮድ ዜሮውን ጥሎ 612 ሲሆን የማን ወጪ እንደሆነ በምን ያውቃል? ፋይናንስ ግን ሲስተሙ የአይቲ ነው ይላል፣ አይቲም ዳታው የፋይናንስ ነው ይላል፣ በመሀል ሐምሌ ሁለቴ ተጭኖ ይገኛል (ይሄም ደርሶብናል፣ አሮጌውን ተካ በሚለው ፋንታ ጨምር የሚለውን ነክተን)።

ሶፍትዌሩ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ሲዘል በእጅ በኤክሴል የሚሠራ ሰው በጀቱን እንደገና ለመከለስ ምን እንዳየ አውቃለሁ።

ከጳጉሜው ነገር በኋላ የቅርንጫፏ ልጅ ደውላ "ታዲያ ወሩን በፊደል ልጻፈው?" አለችኝ። ጻፊው አልኳት። አሁን "መስከረም 5" ብላ ስትልክ ሶፍትዌሩ አልቀበልም ብሎ በቀይ ይጮሃል። ይጩህ።