እርማት፦ የወሊድ ገንዳ ከምጥ በፊት አይሞላም

የወሊድ ገንዳ እናት በምጥና በወሊድ ጊዜ የምትገባበት ሙቅ ውሃ ያለው ገንዳ ነው። «ገንዳውን ቀናት ቀድማችሁ ሙሉት፤ ማሞቂያው ሙቀቱን ይጠብቅላችኋል» የሚለው ምክር አደገኛ ነው፤ እባካችሁ ለሌላ እናት አታስተላልፉት። ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው ሊጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ለምጥ የሚመቸው ሙቀትም እዚያው መሃል ነው። ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕና ቱቦ ደግሞ ውስጡን አጥርቶ ማጽዳት ስለሚያስቸግር መደበቂያ ይሆነዋል። በእንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዲህ ባለ ገንዳ ቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን በዚሁ ባክቴሪያ ታመመ። የጤና ባለሥልጣናትም ቀድመው የሚሞሉ፣ ማሞቂያና ፓምፕ ያላቸው ገንዳዎች ለቤት ወሊድ እንዳይውሉ አሳሰቡ። ምጥ ሲጀምር ከቧንቧ የሚሞላውን ገንዳ ግን አልከለከሉም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃው ከ37.5 ዲግሪ እንዳይበልጥ በየሰዓቱ በቴርሞሜትር ለኩት። ሲቀዘቅዝ ጥቂት ቀድታችሁ አውጡና ሙቅ ውሃ ከእናትየው ራቅ አድርጋችሁ ጨምሩበት።