የጋምቤላን ጎርፍ "የተፈጥሮ አደጋ" ብለን አንለፈው

ክረምት ሲመጣ ጋምቤላ በጎርፍ ተጥለቀለቀች ይባላል። እናዝናለን፣ ዝናቡ ሲያባራ እንረሳዋለን። እኔን የሚያናድደኝ ሁሉንም ነገር በተፈጥሮ ላይ ማላከካችን ነው። ውሃው የተፈጥሮ ነው፣ እሺ። የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን እዚያ ያሰፈራቸው ግን ሰው ነው።

የሌችዎርን ነገር አስታውሱ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኑዌሮች፣ ልጆቻቸውን ይዘው በፓጋክና በአኮቦ በኩል ወደ ጋምቤላ ገቡ። በጥድፊያ ከተከፈቱላቸው ካምፖች አንዱ ሌችዎር ነበር። በበጋ ያየው ሰው ደረቅና ሰፊ ሜዳ ነው የሚያየው። ነሐሴ ላይ ካምፑ ውሃ ውስጥ ገባ፤ መጠለያው፣ ሽንት ቤቱ፣ መንገዱ፣ ሁሉም። ከጥይት ያመለጠ ሰው እንደገና ዕቃውን ተሸክሞ ደረቅ መሬት ፍለጋ ወጣ። ለእነዚህ ሰዎች ጀዊ የሚባለው ካምፕ የተከፈተው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ይህ ማንም ሊገምተው የማይችል ነገር ነበር? ኧረ በጭራሽ! ባሮ የሚወርደው ከኢሉባቦር ደጋ ነው። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጋምቤላ ከተማ ደግሞ 500 አካባቢ፤ ስለዚህ ላይ የዘነበው ሁሉ ቁልቁል ተንደርድሮ ይመጣና ሜዳው ላይ መሄጃ አጥቶ ይተኛል። አገሬው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ኑዌሮች በበጋ ከብታቸውን ወደ ወንዝ ዳር፣ በክረምት ወደ ከፍታ የሚነዱት ለዚሁ ነው። ካምፕ የገባ ኑዌር ግን የት ይሄዳል? ራሽኑም፣ ክሊኒኩም፣ ምዝገባውም ያለው እዚያው ነው።

ለባለሥልጣናቱም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ክልሉ በ1999ኙ ቆጠራ 307 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበረው፤ በኋላ ስደተኛው ብቻውን ከ300 ሺህ አልፏል። ደህናው መሬት ባለቤት አለው። ለስደተኛ የሚተርፈው ባለቤቱ ራሱ በክረምት ጥሎት የሚወጣው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ለስደተኛ ሥራ የመሥራት መብት ሰጥቷል፣ ጥሩ ነው። ግን ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ዝናብ ሲጥል መንገዱ በጭቃ በሚዘጋ ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በዚህ መብት ምን ይሠራበታል?

ቢያንስ አንድ ነገር ይቻላል። ቀጣዩ ካምፕ ሲከፈት ቦታውን በበጋ በመኪና ዞሮ አይቶ መፈረም ይቅር። የአካባቢው ሽማግሌዎች ነሐሴ ላይ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ በእጃቸው ያሳያሉ፤ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ይጠየቁ።