ፍትሕ በካርቶን ተጭና ኮምቦልቻ ገባች

አንድ የከተማችን ድርጅት ለገና ያደላትን ቸኮሌት ያላየ የኮምቦልቻ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ያቺን ቡናማ ወረቀት የለበሰችውን፣ በቃጫ ገመድ የታሰረችውን፣ ከራሷ የሚበልጥ በራሪ ወረቀት ያዘለችውን ማለቴ ነው። ድሮ መሥሪያ ቤት ለበዓል ዘይት ይሰጥ ነበር። ደህና ዓመት ከሆነ የዶሮ መግዣ ጣል ይደረግበታል። ለቅርጫ የሚሆን የደመወዝ ብድር የሚፈቅድም ነበር። ያ የኋላ ቀርነት ዘመን አለፈ። ዘይቱን ማን እንደጨመቀው በምን ይታወቃል? ዶሮዋስ በፈቃዷ ነው የመጣችው? ቸኮሌቷ ግን ነገሯ ሁሉ የተጣራ ነው። ወረቀቷ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ገበሬው ተገቢውን ዋጋ ያገኘበት፣ የሕፃናት ጉልበት ያልነካው፣ ደን ያልተመነጠረበት፣ ወንዝ ያልቆሸሸበት።» ወንዛችን ቦርከና ማንበብ ቢችል ምን ይል ነበር?

እኔ ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው። ሌላው ይማ። አንዲት በጽዳት ሥራ የምትተዳደር ጎረቤቴ ቸኮሌቷን ይዛ ሱቅ ሄደች። «በግማሽ ሊትር ዘይት ትለውጥልኛለህ?» አለች። ባለ ሱቁ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። «እትዬ፣ ሸጋ ነገር ነው። ግን ሽንኩርት አያቁላላልሽም» ብሎ መለሰላት። ሁለቱም ስለ ጋና ገበሬ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የንቃት ችግራችን ይኸው ነው።

መቼም ነገሩ ራሱ ቀልድ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። ቸኮሌት የሚሠራው ከካካዎ ፍሬ ነው። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከሁለት አገር ነው፤ ከኮትዲቯርና ከጋና። እ.ኤ.አ. በ2001 ትልልቆቹ የቸኮሌት ኩባንያዎች በካካዎ እርሻ ላይ ያለውን አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ እናስቀራለን ብለው ፈረሙ። የጊዜ ገደብ ተቆረጠ። ገደቡ አለፈ። ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሁለቱ አገሮች በካካዎ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሕፃናት 1.56 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። ገጀራ ይይዛሉ። ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ። ፀረ ተባይ በሚረጭበት ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ ካካዎ በዓለም ገበያ በቶን ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ሲወጣ እንኳ ገበሬው እኩል አልወጣም፤ የእሱን ዋጋ ገና በወቅቱ መጀመሪያ የሚቆርጠው መንግሥት ነውና። ስለዚህ «ይሄ ቸኮሌት ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ደግ አደረገ። እኔ የማደንቀው መልሱ የተገኘበትን መንገድ ነው።

መንገዱ የተጀመረው በድርጅቱ ኮሚቴ ነው። «የሥነ ምግባራዊ ስጦታ መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ» ይባላል። ሰባት አባላት አሉት። በሥሩ የቅምሻና የጥቅለላ ንዑሳን ኮሚቴዎች አሉ። ኮሚቴው መጀመሪያ የወሰነው ስብሰባው ደሴ እንዲሆን ነው። አትፍረዱ። ኮምቦልቻ ላይ ተቀምጦ ስለ ፍትሕ ማሰብ አይቻልም፤ ይሞቃል። ፍትሕ ቀዝቀዝ ያለ አየር ትፈልጋለች። አበልም ትፈልጋለች። ኮምቦልቻ ላይ ለተሰበሰበ የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ አበል የለም። ስለዚህ ሁለት መኪና የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ተያዘ። ባነር ተሰቀለ።

የመጀመሪያው ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ነበር። አማካሪው በአውሮፕላን መጡ። ንግግራቸውን ሲጀምሩ ከንብረት ክፍል የመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«ለምን ቡና አንሰጥም?» አሉ።

ጸጥታ ሆነ።

«ቡናው ከማን እንደሚመጣ ይታወቃል፣ ጋሼ?» አለች ጸሐፊዋ።

«እንዴታ! የአጎቴ ልጅ ነው የሚያመጣው። እርሻውን በእግሬ ዞሬዋለሁ። ልጆቹም ይማራሉ።»

«ሰርተፍኬት አለው?»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ እኮ ነው የምላችሁ።»

«ሰርተፍኬት፣ ጋሼ!»

አዛውንቱ በሙሉ ድምፅ ወደ ጥቅለላ ንዑስ ኮሚቴ ተዛወሩ።

ቀጥሎ ቅምሻ ሆነ። ባለ 55 በመቶ፣ ባለ 70 በመቶ፣ ባለ 85 በመቶ ካካዎ ቀረበ። ቃለ ጉባኤውን ያየ ሰው እንደነገረኝ 85 በመቶው ከተቀመሰ በኋላ «ኮሚቴው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብሏል» ተብሎ ተጽፏል። አንድ አባል ኮሶ እንዳስታወሳቸው ገልጸው ይህም በቃለ ጉባኤው እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል። ሌላው «መቶ በመቶ ፍትሐዊ ከሆነ ለምን 85 በመቶ ይላል? አሥራ አምስቱ በመቶ ግፍ ነው ማለት ነው?» ሲሉ ተጨነቁ። ጥያቄው እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ አነጋገረ። ከሻይ በኋላም ቀጠለ። አማካሪው ቀሪው ስኳር ነው ብለው ቢያስረዱም ሁለት አባላት የልዩነት ሐሳባቸውን አስመዝግበዋል።

በሁለተኛው ቀን ግን ታላቁ እውቀት መጣ። ከአባላቱ አንዱ ተነሥቶ «በእጄ በያዝኳት ቸኮሌት ውስጥ ያለችው ፍሬ ፍትሕ ካገኘው ገበሬ የመጣች ናት?» ብሎ ጠየቀ። አማካሪው ፈገግ አሉ። «የግድ አይደለም» አሉ። ስሙ ማስ ባላንስ ነው። የምስክር ወረቀት ካለው ገበሬ የተገዛው ካካዎ ከሌላው ጋር መርከብ ላይ፣ ፋብሪካም ውስጥ መቀላቀል ይችላል። ፋብሪካው መቶ ቶን ባለ ምስክር ወረቀት ከገዛ፣ የመቶ ቶን ያህል ምርት ላይ ምልክቱን ይለጥፋል። ለተሸጠው መጠን ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ፌርትሬድ በሚባለው የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት አሠራር ለገበሬዎቹ ማኅበር በቶን 240 ዶላር። ፍሬዋ ግን የት እንደገባች አይታወቅም። መዝገቡ ከተስማማ በቂ ነው። (አሠራሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ትንንሽ ገበሬዎች ያመረቱትን ለብቻ ማጓጓዝና ለብቻ መፍጨት ብዙ ወጪ አለው። ሆኖም ፋሲካ ላይ አጎቴን አልጠራውም፤ የጠራሁት ሌላ እንግዳ በሂሳብ ይተካዋል እንደማለት ነው።)

ይህን ጊዜ የፋይናንስ ክፍሉ ተወካይ ዓይኑ በራ። ሰው ብርሃን ሲገለጥለት እንዲህ ነው የሚሆነው። ለካ ድርጅቱ ለዓመታት በማስ ባላንስ ሲሠራ ኖሯል፤ ስሙን አለማወቅ እንጂ! እስቲ አስቡት። የዓመቱ ደመወዝ በድምር ሲታይ ፍትሐዊ ነው። የኃላፊዎቹ አበል፣ የቤት ኪራይ፣ የነዳጅና የጽዳት ሠራተኞቹ ክፍያ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ቢካፈል ማንም አልተበደለም። ፍትሑ መጋዘን ገብቷል። ለማን እንደወጣ ግን በፍሬ መለየት አይቻልም። የጽዳት ሠራተኛዋ «እኔ ደመወዝ ውስጥ ፍትሕ የለም» ብላ ብትመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «አንቺ ጋ ባይኖር ሌላ ሰው ጋ አለ፣ እትዬ። መዝገቡ ይስማማል። አብሽሪ።»

ከዚያ ግዢ መጣ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። እውነተኛ ምልክት ያላት ቸኮሌት በዋጋ አንደኛ ወጣች። የግዢ መመሪያው ደግሞ አንደኛ አይወድም፤ የሚወደው ዝቅተኛውን ነው። ስለዚህ አሸናፊዋ ምንም ምልክት የሌላት ሆነች። የት እንደተሠራች የሚገልጸው ጽሑፍ ደግሞ የማንም ዓይን አይችለውም። ኮሚቴው ለጥቂት ተደናገጠ። ግን ሥነ ምግባር ያለው ሰው መፍትሔ አያጣም። ምልክት የላትም? ይታተምላታ! ደሴ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ሞልቷል። ቅጠል ያለበት፣ ሁለት እጅ የሚጨባበጥበት፣ ከሥሩ «የሕፃናት ጉልበት ያልነካው» የሚል አረንጓዴ ስቲከር ታዘዘ። ጊዜ አጥሮ ስለነበር ማተሚያ ቤቱ ለጠፋውን ጭምር ያዘ። ማታውን የሚለጥፉ ልጆች ከመንገድ ተጠሩ። ቀን ሊስትሮ የሚሠሩ ናቸው። ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። በመቶ ስቲከር ተነጋግረው ገቡ። ከመካከላቸው ማንበብ የሚችለው አንዱ ጽሑፉን ለጓደኞቹ ሲያነብላቸው ተሳሳቁ ይባላል።

እዚህ ላይ ምስጋናው አንቆኛል። ልጅ በሌሊት «ልጅ አልደከመበትም» የሚል ወረቀት እየለጠፈ ሲያድር ማን አየ? ሁሉም አየ። ካርቶኑን የተረከበው ሹፌር አየ። የፈረመው አየ። የሥራ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ዕድሜው 15 ያልሞላን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው ይላል። የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ ይቋቋማልም ይላል። ወለሉ ግን ገና አልተነጠፈም። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃና ኮሪደሩን የምታጸዳው ሴት በኤጀንሲ ነው የተቀጠሩት። ድርጅቱ ለኤጀንሲው የሚከፍለውና እነሱ እጅ የሚደርሰው ለየቅል ነው። ይህን ለማጣራት ኮትዲቯር መሄድ አያሻም። ደረጃ ወርዶ «ስንት ነው የሚደርስህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከሰባቱ አንድ ሰው አልጠየቀም። ለዚህ ነውር አማካሪ ከአዲስ አበባ አይመጣለትም።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የዕደላው ሥርዓትም ይወደስ። ደሴ እኮ የአይጠየፍ አዳራሽ አገር ናት። ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት በዚያ አዳራሽ ባለጸጋውም ድኻውም እንዳይጠየፍ ተብሎ ይበላ ነበር ይባላል። ዘመናዊው ሥነ ምግባር ይህን አሻሽሎታል። ለሥራ አስኪያጆች ባለ ሃያ አራት ፍሬ፣ ሳጥኑ ሪባን ያለው። ለክፍል ኃላፊዎች ባለ አሥራ ሁለት። ለሠራተኛ አንዲት ጣት የምታህል። ለኤጀንሲ ሠራተኞች ከተረፈ። በራሪ ወረቀቱ ግን ለሁሉም እኩል ነው፤ በዚህ አድልዎ የለም።

ቸኮሌቷ የታደለችው ገና ሳይገባ ነው። ወተት አለባት። ክርስቲያኑ ይጾማል። ያለፈው ኢድ ላይ ለሙስሊሞቹ የተሰጠችው ደግሞ ሆዷ ውስጥ ሩም ነበረባት። ወሎ ላይ! ለሙስሊም እንግዳው ለብቻ የማያሳርድ ደጋሽ በሌለበት፣ የማን ምግብ ለማን እንደሚቀርብ ሕፃን ልጅ በሚያውቅበት አገር! ኮሚቴው የምዕራብ አፍሪካን ደን መርምሮ ሲጨርስ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ጾም መጠየቅ አልቻለም። ጊዜ አልነበረውም፤ ይገባኛል።

ለደንበኞች የተላከችውማ የራሷ ታሪክ አላት። ባለ ሃያ አራቷ ሳጥን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣች። ተቀባዩ ሳይፈታት ለባንክ ሰው ሰጣት። የባንኩ ሰው ለጉዳይ አስፈጻሚ ሰጣት። እሱም የልጁ መምህርት ዘንድ ላካት። ስትዞር በየመኪናው ኮፈን ውስጥ ውላለች። የካካዎ ቅባት ከ34 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ይህን ያህል ሙቀት አይቸግረውም። ሐረጎ ላይ ስትደርስ ደግሞ ትረጋለች። ከሦስት ምልልስ በኋላ ስትከፈት አመድ የመሰለ ነጭ ሽፋን አውጥታ ነበር አሉ። ስቲከሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ ጥሩ አድርገው ነው የለጠፉት።

ኮሚቴው አሁን የማጠቃለያ ሪፖርቱን አቅርቧል። አንድ ምክረ ሐሳብ ብቻ ነው ያለው፤ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ወደ ጋና። ፍትሕ ያገኘውን ገበሬ በአካል ማመስገን ያስፈልጋል ይላል። የስም ዝርዝሩ ወጥቷል። ሰባቱ አባላት፣ አማካሪው፣ አንድ ፎቶ አንሺ። ቡና እንስጥ ያሉት አዛውንት ሰርተፍኬት ስለሌላቸው ተሰርዘዋል። በምትካቸው ሹፌሩ ገብቷል። ጋና በመኪና እንደማይኬድ እስካሁን ያስታወሰ የለም፤ የነዳጅ ወጪውም ጸድቋል።