ባንዱንስ ማን ጠየቀው?
ስለ አንጋፋ ድምፃውያን ኮንሰርት የወጣው ጽሑፍ «አንጋፋዎቹ በየመድረኩ ያንኑ ዘፈን ይደግማሉ» ማለቱ ልክ ነው። ከጽሑፉ ሥር በአስተያየታችሁ «ትኬት የገዛነው የምናውቀውን ልንሰማ ነው» ያላችሁትም እውነት አላችሁ። ጋሽ ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሳይዘፍን ከመድረክ ይውረድ ያለ ሰው መቼም አላየሁም።

ግን ማናችሁም ባንዱን አላነሳችሁም! በተለይ ውጭ አገር፣ አንድ ባንድ በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ድምፃዊ ሲያጅብ የተለመደ ነው፤ ልምምዱም ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ ኪቦርዲስቱ የሚዘጋጀው ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀውን ነው። አስቴር አወቀ ከዚያ ሁሉ አልበሟ ውስጥ የተረሳ አንድ ዘፈን ላንሳ ብትል እንኳ ማን አጥንቶ ያጅባታል?

ደግሞ ለውጥ ማለት የግድ ሌላ ዘፈን ማለት አይደለም። ትዝታን ተመልከቱ፤ ቅኝቱ ያው ነው፣ ስንኙን ግን ዘፋኙ እንደ ስሜቱ ይቀያይረዋል። ሙላቱ አስታጥቄም «የከርሞ ሰው»ን ሲጫወት ዜማው ያው ሆኖ ሶሎው (ለብቻው የሚጫወተው ክፍል) በየመድረኩ ሌላ ነው። ከአንጋፋዎቹ የምፈልገው ይህንን ነው። ከተቻለም ሰው የረሳቸውን ሁለት ዘፈኖች መሃል ላይ ጣል ያድርጉልን (መጨረሻ ላይ አይሁን እንጂ፣ ያኔ ሁሉም ለጭፈራ ነው የተነሳው)።